ክዳን የሌለው የሐልዋ ፓኮ

ሐልዋው በርበራ ገብቷል፤ ፓኮው አንዲት ጠብታ ቅባት አላሳለፈም! ዛሬ ጠዋት የደረሰኝ ወሬ ይህ ነው። ሐልዋ ሠሪዋ ኤዶ ሳህራ በድምፅ ልከውልኝ አምስት ጊዜ ሰማሁት። ለእናቴ አሰማኋት፣ ለጎረቤት አሰማሁ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ለቆመች ለማላውቃት ሴትዮ ሳይቀር አሰማሁ። የወደብ ከተማዋን በርበራን የማታውቁ ትስቁብኝ ይሆናል። በሙቀቱ ወራት በርበራ የሄደ ሰው ጫማው አስፋልቱ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ድረስ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ በቅቤና በስኳር የተሠራ ጣፋጭ ተሸክሞ፣ ሳይጎብጥና ሳይንጠባጠብ የደረሰው ፓኮ የእኔ ነው። "አግዣለሁ" አላልኩም፤ "ሠርቻለሁ" ነው ያልኩት።

ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው። መጻፍ እንደምችል ራሱ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ካበዛሁት ታገሡኝ፤ አላሳጥረውም።

ቤዛ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ኮምቦልቻ ሲጠጋ እኔና እናቴ በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስ እያልን፣ በድሬዳዋና በጅግጅጋ አድርገን፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግረን ሐርጌሳ ገባን። አባቴ "ቤቱን ላስተካክልና እከተላችኋለሁ" ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። የምንኖረው ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር ነው። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ይህ ነገር ሲሆን፣ የአንድ ማተሚያ ቤት ወለል ጠራጊ ነበርኩ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አዴር ሙሴ ናቸው። አዴር በሱማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላቸዋል። ድሬዳዋ ተምረው ስላደጉ "ወላሂ" እና "ምን አባቱ" በአንድ ትንፋሽ ይወጣቸዋል። ወረቀት ቆራጩ ተካልኝ ነው፤ የደብረ ዘይት ልጅ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

"መጥረጊያ፣ ውሃ አምጪ!"

"መጥረጊያ፣ ከእግሬ ሥር ጥፊ!"

አልጠፋም ነበር። ቆሜ አይ ነበር። ወረቀቱን ሁሉ በጣቴ እየዳሰስኩ ለየሁት። ለመጽሔት የሚሆነው ያንሸራትታል፣ ለደረሰኝ የሚሆነው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይንኮሻኮሻል፣ ለፓኮ የሚሆነው ወፍራም ነው፤ ፊቱ ነጭ አብረቅራቂ፣ ጀርባው አመድማ። ከወለሉ የጠረግሁትን ቁርጥራጭ ቤት ወስጄ እጽፍበት ነበር። ቁርጥራጩ ጠባብ ስለነበር ዓረፍተ ነገሮቼም አጫጭር ነበሩ፤ አሁን ሙሉ ሉክ ሲሰጡኝ ይኸው እንዲህ እለቀዋለሁ።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ እናቴ ሥራ አገኘችልኝ።

"ቅዳሜ ሰው ቤት ትገቢያለሽ። ማደሪያም እዚያው ነው። ሴትዮዋ ደግ ናት ብለውኛል።"

"አልገባም።"

"ምን አልሽ?"

"አልገባም እማ። እዚያ ከገባሁ አልወጣም።"

"እዚህም መጥረግ፣ እዚያም መጥረግ! ምን ይለየዋል?"

"እዚህ እየጠረግሁ አያለሁ።"

"አይተሽ ምን ልትሆኚ?" አለች። ተናድጄ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ በር ተበርግዶ ኤዶ ሳህራ ገቡ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። ድምፃቸው ከእርሳቸው ቀድሞ የሚገባ ግዙፍ ሴት ናቸው። ዓርብ ለሚሆን ትልቅ ሠርግ ሐልዋ ሊሠሩ ተዋውለው፣ ለእንግዳ የሚታደል መቶ ሃያ ፓኮ አዘው ነበር። ለሙከራ የወሰዱትን አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጉት። ሆዱ ጎብጧል፣ ክዳኑ እንደሚያዛጋ አፍ ተከፍቷል፣ ማዕዘኖቹ በቅባት ርሰዋል።

በሱማልኛ አዴር ሙሴን አዘነቡባቸው። ያኔ የምሰማው ግማሹን ብቻ ነበር፤ ግማሹ ይበቃ ነበር። በሠርጉ ቀን የሙሽራዋ እጅ ላይ ቅባት! የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ላይ ቅባት!

"ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ነው" አለ ተካልኝ። "ወፈር ባለው እንሥራው፣ ኮላም እንጨምርበት።"

"ወፈር ያለው ከየት ይመጣል?" አሉ አዴር ሙሴ። "ዕቃው ገና ወደብ ላይ ነው። ያለን ይኸው ነው፤ አርባ ሉክ።"

እኔ የተበላሸውን ፓኮ አንስቼ እያገላበጥኩ ነበር። ሴትዮዋ አማርኛ አይሰሙም ብዬ፣ ለራሴ ያህል፣ "ስስነቱ ምን አደረገ፣ ያስተኛው ሰው ነው እንጂ። ጅማቱን ተቃርኖ አጥፎት" አልኩ።

ኤዶ ሳህራ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ያልሽው?" አሉ፤ በአማርኛ! ጥርት ባለ አማርኛ!

ተካልኝ ሳቀ። "ይተዉዋት ኤዶ፣ መጥረጊያ ናት።"

"መጥረጊያ አፍ የለውም። ይቺ አላት። ተናገሪ።"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አይቻልም። ደግሞ ዝም ማለት አልፈለግሁም። ከወለሉ አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ አንስቼ አንድ ፊቱን በውሃ አረጠብኩት። ትንሽ ቆየና በራሱ ተጠቀለለ፣ እንደ ቱቦ።

"ያያሉ? ወረቀቱ ውስጥ ያለው ቃጫ፣ ጅማት የምለው፣ እንደተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ በኩል የተኛ ነው። ሲርስ ጅማቱን ተከትሎ ነው የሚጠቀለለው። ይህ ፓኮ ረጅም ነው፤ ጅማቱ በቁመቱ መሄድ ነበረበት። በጎኑ ስለሄደ መሐሉ ጎበጠ፣ ረጅሙ ማጠፊያም ተሰነጠቀ። ቅባቱ የወጣው በስንጥቁ ነው።"

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉ አዴር ሙሴ።

እዚህ ላይ ልዋሽ ነበር። "እዚሁ ስጠርግ አየሁ" ልል ነበር። ግን ተካልኝ ፈገግ ብሎ ሲጠብቀኝ ሳየው እልህ ያዘኝ።

"መንገድ ላይ። ስንመጣ የምንተኛው የብስኩት ካርቶን ላይ ነበር። ጠዋት ጠቅልለን እንሸከመዋለን። በአንድ በኩል ሲጠቀልሉት እሺ ይላል፤ በሌላው በኩል ይሰበራል። የሰበረ ሰው አፈር ላይ ያድራል። ይህኛው ወረቀት እንደዚያ ጎድጎድ የለውም፤ በእጄ ሳጎብጠው ግን እሱም በአንድ በኩል ይታዘዛል፣ በአንድ በኩል ያምፃል።"

"የፍራሽ ምሕንድስና!" አለ ተካልኝ።

ኤዶ ሳህራ ግን አልሳቁም። "ይህች ከተማ በቦምብ ስትፈርስ ሕፃን ነበርኩ" አሉ። "ወደ እናንተ አገር ሸሸን። እኛም ካርቶን ላይ ተኝተናል። እኔ ሰብሬዋለሁ። እናቴ ያን ቀን የቆነጠጠችኝ እስከ ዛሬ ያመኛል።" ልቤ ቅልጥ አለ፤ አለቀ፣ አቅፈውኝ ይህቺ ትሥራው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ቦርሳቸውን አነሱ። "ግን ስደት ለብቻው ነው፣ ሐልዋ ለብቻው ነው። አዝኜልሽ ቆሻሻ ፓኮ አልገዛሽም። ነገ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት፣ በፊት መጥቼ ሐልዋ እሞላበትና ሶላት እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። ካማረኝ ይሠራ፣ ካላማረኝ በላስቲክ አድላለሁ።"

እርሳቸው እንደወጡ አዴር ሙሴ ወደ እኔ ተመለሱ። እናቴ ስለ ቅዳሜው ሰው ቤት ለካ ነግራቸው ኖሯል። "ስሚ ቤዛ። ከሠራልሽ የፓኮ ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ ወላሂ። ካልሠራልሽ ቅዳሜ እናትሽ ወዳለችሽ ትሄጃለሽ፣ አፍሽን ዘግተሽ።"

"እሄዳለሁ" አልኩ። "አፌን ግን አልዘጋም።"

የመጀመሪያው ፓኮዬ ተበላሸ። ጅማቱን አስተካክዬ፣ ተካልኝ እንደሚያደርገው ማጠፊያውን በምላጭ ግማሽ ድረስ ቆርጬ አጠፍኩት፤ ነጩ ፊት ፍርክስክስ አለ። ተካልኝ መቁረጫው ላይ ተደግፎ ያፏጫል። ምላጩን ወረወርኩት። መቆረጥ የለበትም፣ መጨፍለቅ ነው ያለበት። ሁለት ወፋፍራም ካርቶን ትንሽ አራርቄ አስቀመጥኩና ወረቀቱን በላዩ ዘርግቼ፣ በማንኪያ እጀታ መሐሉን እየጫንኩ አሰመርኩት። ታጠፈ፤ ሳይሰነጠቅ። ጅማቱን በሚያቋርጠው በአጭሩ በኩል ሁለት ጊዜ መጫን እንዳለብኝ የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው።

ማዕዘኑ ቀረ። ማዕዘን በመቀስ ተሰንጥቆ በኮላ ይለጠፋል፤ ኮላው በቅቤ ይለቃል። እኔ አልሰነጠቅሁትም። ትርፉን እንደ ቀሚስ ሽንሽን ወደ ጎን አጥፌ ከግድግዳው እጥፋት ሥር ቆለፍኩት። ኮላ የለ፣ ቀዳዳ የለ። ውሃ ሞላሁበት፤ ያዘ! "ያዘ!" ብዬ ጮህኩ። ማተሚያው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

ተካልኝ ቀስ ብሎ መጣ። ፓኮውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ማስመሪያውን አስቀመጠ። "ጎበዝ። አሁን ክዳኑን ሥሪ።"

"እሠራለሁ።"

"ጅማቱን አስተካክለሽ ስታስተኚው ከአንድ ሉክ ስንት ፓኮ ከነክዳኑ ይወጣልሻል?"

ለካሁ። ሁለት።

"እኔ ለምን አዙሬ ያስተኛሁት ይመስልሻል? እንደኔ ከሆነ ሦስት ይወጣል። አርባ ሉክ፣ መቶ ሃያ። ባንቺ ሰማንያ ነው። አርባው እንግዳ ምን ይብላ? ጅማት?"

እውነቱን ነበር። ያሳበደኝም እውነት መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ተካልኝን ደደብ አድርጌ ነበር የማየው፤ እሱ ለካ ያለንን ለማብቃቃት ነበር ያዞረው። ቁርጥራጩ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ አላወጣሁትም፣ እሱ ፊት አላወጣውም። ሉኩን ደግሜ ለካሁት፣ ደጋግሜ ለካሁት። ክዳን ከሌለ ሦስት ፓኮ ይወጣል። ከጎን ደግሞ ጠባብ ረጃጅም ቅሪት ይተርፋል።

ክዳን ከሌለ።

ቅሪቱን አንስቼ ፓኮው ወገብ ላይ ጠመጠምኩት። እንደ መቀነት። ላዩስ? እየሮጥኩ ማዶ ዳቦ ቤት ሄጄ የዳቦ መጋገሪያ ሳህን ላይ የሚነጠፈውን፣ ቅባት የማያሳልፈውን ቡናማ ወረቀት ለመንኩ። ውስጡን አልብሼ ትርፉን በላዩ አጣጠፍኩት፤ አመድማው ጀርባም ሐልዋውን አይነካውም። መቀነቱን አጠበቅሁ። ለተካልኝ አሳየሁት።

መቀነቱን ሳብ ሳብ አደረገው። "ኤዶ ክዳን የሌለው ፓኮ አይቀበሉሽም" አለ በመጨረሻ። "አሠራሩ ግን... ይሁን።"

ሐሙስ ቀትር ሲቃረብ ኤዶ ሳህራ ትኩስ ሐልዋ በድስት ይዘው መጡ። ከኋላቸው ማን ገባ? እናቴ! ልብሴን በነጠላ ቋጥራ ይዛለች።

"ሴትዮዋ ዛሬውኑ ልትወስድሽ ነው። መኪና ትልካለች። ተነሺ!"

"ሶላት እስኪያልቅ።"

"የምን ሶላት? እኛ ምን አገባን?"

"ፓኮ እየጠበቅሁ ነው እማ።"

"ፓኮ?" አለች እናቴ፣ አበድሽ ወይ በሚል ዓይን። አዴር ሙሴ ወንበር ሰጧት፤ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ኤዶ ሳህራ ፓኮዬን አዩት። "ክዳኑ የት አለ?"

"የለውም።"

"ለሙሽራ? ራቁቱን?"

"ራቁቱን አይደለም፣ ታጥቋል" አልኩ። "ደግሞ ትኩስ ሐልዋ ላይ ክዳን ሲደፉበት ያልበዋል፤ ላቡ ተመልሶ ይወርድና ላዩን ያጨቀየዋል። የእኔ ይተነፍሳል። ካልወደዱት አይግዙኝ። ሳይሞክሩት ግን አይስደቡኝ።"

እናቴ "ኧረ በማርያም፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?" ብላ ተነሣች። ኤዶ ሳህራ በእጃቸው አስቀመጧት። ሐልዋውን ገለበጡበት። ፓኮውን ይዘው ወጥተው፣ ፀሐይ ላይ የቆመው መኪናቸው ጣሪያ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ተካልኝ "ቆይ!" አለ። ሮጦ ስስ የደረሰኝ ወረቀት አምጥቶ ከሥሩ አነጠፈ። ቅባት ከነካው እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ መደበቂያ የለም። ሊጥለኝ ይሁን ሊያግዘኝ አላወቅሁም።

ኤዶ ሳህራ ጓዳ ገብተው ሰገዱ። ጨረሱ። ከዚያ ሻይ ጠየቁ። ሻይ! ቀስ እያሉ፣ እፍ እያሉ፣ ስለ ሙሽራዋ አጎት ክስ እያወሩ ጠጡ። ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቁ። የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ "መጣን፣ መጣን" አለች። እንደገና ጮኸ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የመኪናውን ጣሪያ አያለሁ። ከቆርቆሮው ላይ ሙቀቱ ሲርገበገብ ይታያል።

"ልጄ፣ እባክሽ" አለች እናቴ። "አባትሽ እስኪደውል ድረስ ብቻ። ብቻዬን አልቻልኩም።"

ይህ ከተካልኝ ስድብ ሁሉ የበለጠ አመመኝ። ሆኖም "እማ፣ አባዬ ሲደውል ሰው ቤት ናት ብለሽ እንድትነግሪው አልፈልግም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

ኤዶ ሳህራ ተነሡ። ሁላችንም ወጣን፤ ማተሚያው ቆመ። መጀመሪያ ፓኮውን በሁለት ጫፉ አነሡት። አልጎበጠም። ተካልኝ ከሥሩ ያለውን ስስ ወረቀት ለማየት አጎነበሰ፣ እኔም በላዩ አጎነበስኩ።

"ይኸው!" አለ።

ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ አለ። ክብ፣ የሚያሳልፍ።

አዴር ሙሴ ዓይናቸውን መለሱ። እናቴ ቋጠሮውን አነሣች። ግን ነጥቡ... ከዳሩ እየጠበበ ነበር! "ቆዩ!" አልኩ። "ማንም እንዳይነካው! ቅባት ከሆነ አይደርቅም!" ሁላችንም አንድ ነጥብ ከበን ቆምን። ነጥቡ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። ላቤ ነበር። ሳጎነብስ ከግንባሬ የተንጠባጠበ የራሴ ላብ!

ተካልኝ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ግራ ቀኙን መረመረ። "ንጹሕ ነው" አለ። ውሸት አልጨመረበትም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ኤዶ ሳህራ መቀነቱን ፈትተው አንዲት ቁራሽ ቀመሱ። "ክዳን የለውም" አሉ።

"የለውም።"

"ሌላ ሐልዋ ሠሪ እንዲህ ያለ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያውስ የእኔ ብቻ ይሁን።"

በዚህ መሐል የእናቴ ስልክ እንደገና ጮኸ። አነሣችው። እኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ልጄ አትመጣም። ሥራ ላይ ናት" አለች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትታ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። "ቁጭ ብዬ ከማይ ምን ላግዝሽ?" ስትለኝ የማንኪያውን እጀታ ሰጠኋት። ተካልኝ ቆረጠ፣ እናቴ አሰመረች፣ እኔ አጠፍኩ፣ አዴር ሙሴ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ፓኮዎቹን መቀነት አስታጠቁ። ዓርብ ጠዋት መቶ አሥራ ሰባት ፓኮ ደረሰ፤ አንዱን ሉክ ስማር ስላበላሸሁት የጎደለውን አዴር ሙሴ ከተከመሩ የቀን መቁጠሪያ ሽፋኖች አሟሉልኝ። ሦስት እንግዶች በፓኮአቸው ታች የወራት ስም ተጽፎ አግኝተዋል። አልተቆጡም አሉ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ተካልኝ ሲናደድ አሁንም "መጥረጊያ" ይለኛል፤ እኔም "ጠማማ ቆራጭ" እለዋለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ አልደወለም፤ በየቀኑ እሞክራለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ካርቶን ላይ መተኛታችንን ለማንም አልናገርም ነበር። አሁን እናገራለሁ፤ ያወቅሁት የራሴ ነውና። አንዳንድ ሰው ግን ይህን ሲሰማ "አየሽ፣ ስደት ትምህርት ቤት ነው" ይለኛል። አይደለም! ትምህርት ቤት ነበረኝ፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮት አጠገብ እቀመጥ ነበር። ለጦርነቱ ምስጋና የለኝም፤ አንዲት ቃል አላመሰግነውም። መንገድ ላይ ያየሁትን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አላሳየኝም።

አሁን ወደ ዛሬው ወሬ ልመለስ። በድምፅ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ኤዶ ሳህራ "የበርበራ ደንበኞቼም ይፈልጋሉ፤ አንቺ ብቻሽን አትችዪውም፤ እጅ ፈልጊ" ብለዋል። አዴር ሙሴን ጠየቅኋቸው፤ ሐሙስ ከሰዓት ትልቁ ጠረጴዛ ነፃ ነው፣ አምጪያቸው አሉኝ። ስለዚህ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ያላችሁ፣ ዳሚ ያላችሁ፣ አያሃ ያላችሁ ልጆች፣ ሐበሻም ሁኑ ሱማሌ፣ ኑ። ወረቀቱ አለ፣ ማንኪያው አለ። ተካልኝ መጀመሪያ ይስቅባችኋል፤ እንዲስቅ ተዉት፣ ሥሩ። እናት አይሆንም ካለች ደግሞ እሷንም ይዛችኋት ኑ፤ ከእኔ እናት አጠገብ አስቀምጣታለሁ።